በፍርድ የሄደች በቅሎ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ

ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም እሑድ ነበር። ፍልሰታ ከገባ አምስተኛ ቀኑ። ረፋድ 5 ሰዓት ከ20 ገደማ ላይ፣ ፓሪስ ውስጥ ሁለት ሴቶች 42 ኪሎ ሜትር ሮጠው የኦሎምፒኩ ማራቶን ማብቂያ አጠገብ ትከሻ ለትከሻ ተጋጠሙ። አንዷ በርሊን ላይ የማራቶንን ታሪክ የቀየረችው ትዕግስት አሰፋ ናት። ሌላዋ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዳ በ15 ዓመቷ ወደ ኔዘርላንድስ የተሰደደችው ሲፋን ሀሰን።

ሲፋን በውስጥ በኩል፣ በአጥሩ ጥግ ሾልካ ለማለፍ ሞከረች። ትዕግስት ወደዚያው ጎን ተጠጋች። ክንድ ከክንድ ተጋጨ። ሲፋን አለፈች፤ 2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ፣ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን። ትዕግስት 2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ። በወርቅና በብር መካከል የነበረው ሦስት ሰከንድ ብቻ ነው።

የኢትዮጵያ ቡድን ሲፋን ከውድድሩ ትሰረዝ ሲል አቤቱታ አቀረበ። ይግባኝ ሰሚው አቤቱታውን ውድቅ አደረገ። ሲፋን በዚያው ምሽት፣ በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ላይ ወርቋን አጠለቀች።

ሳሪስ እንዲህ ያለውን ውድድር እንደ ሩቅ ሀገር ወሬ የሚያይ ሰፈር አይደለም። ገና ሳይነጋ ሯጮችን ጭነው ወደ አቃቂ ሜዳ የሚወርዱ መኪኖች የሚያልፉት በዚሁ በደብረ ዘይት መንገድ ነው። ከእንጦጦ ዳገትና ብርድ ይልቅ አቃቂ ዝቅ ያለና ሜዳማ ስለሆነ፣ ፍጥነት የሚፈልግ አትሌት ወደዚያ ይወርዳል። ስለዚህ የዚያን እሑድ ክርክር ቀላል አልነበረም። አንዱ ወገን «ገፍታት ነው ያለፈችው፤ ዓይን ያለው ሁሉ አይቷል» ይላል። ሌላው ወገን «መንገዱን የዘጋችው ትዕግስት ናት፤ ሲፋን የት ትሂድ?» ይላል። ቪዲዮው አንድ ነው፤ የሚታየው ግን እንደ ተመልካቹ ነው። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም።

ነገር ግን የዚያ ቀን ትልቁ ጥያቄ ማን ማንን ገፋ የሚለው አይደለም። ትልቁን ጥያቄ የሀገር ሽማግሌ ከረጅም ጊዜ በፊት አስቀምጦታል፤ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ብሎ። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት። ጭብጦ የአንድ ቀን ስንቅ ነች። ሰውየው ግን የሚያንገበግበው የጠፋው ነገር ዋጋ ሳይሆን የጠፋበት መንገድ መሆኑን ያውቃል። ተከራክሮ፣ ተሰምቶ፣ ተፈርዶበት የተረታ ሰው አዝኖም ቢሆን ቤቱ ገብቶ ያድራል። ሳይሰሙት የወሰዱበት ሰው ግን እንቅልፍ የለውም።

የትዕግስት ወርቅ፣ ከተወሰደባት፣ በፍርድ የሄደች በቅሎ ናት።

የዓለም አትሌቲክስ ደንብ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ውጤት በይፋ ከተነገረ በኋላ ቅሬታ ያለው ወገን 30 ደቂቃ አለው። መጀመሪያ ጉዳዩን ለውድድሩ ዋና ዳኛ ያቀርባል። በዳኛው ውሳኔ ካልረካ ሌላ 30 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ በጽሑፍ፣ 100 ዶላር አስይዞ፣ ለይግባኝ ሰሚው ያመለክታል። ከተረታ ገንዘቡ ሊቀርበት ይችላል። ይግባኝ ሰሚዎቹ ሦስት፣ አምስት ወይም ሰባት ናቸው፤ ድምፅ እኩል እንዳይከፈል ቁጥራቸው ጎዶሎ ነው። ሰዓት አለው፣ ወረቀት አለው፣ ቪዲዮ አለው፣ መጨረሻ አለው። ውሳኔውን መቃወም ይቻላል። «የሚሰማን አጣን» ማለት ግን አይቻልም።

ይህ መንገድ ለኢትዮጵያውያን ሁልጊዜ ተዘግቶ የቆየ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ወደ ሪዮ ይመለስ።

ነሐሴ 7 ቀን 2008 ዓ.ም፣ የሴቶች 3,000 ሜትር መሰናክል ማጣሪያ። እቴነሽ ዲሮ ትመራ ነበር። ከኋላዋ የነበሩ ሯጮች ተጠላልፈው ሲወድቁ እሷንም ነኳት፤ የቀኝ እግሯ ጫማ ወለቀ። ልታስገባው ሞከረች፤ አልሆነም። ጫማውንም ካልሲውንም አውልቃ ጥላ፣ በአንድ እግሯ ባዶዋን መሰናክሉንና ውኃውን እየዘለለች ቀጠለች። ሰባተኛ ወጣች። በቀጥታ የሚያልፉት ሦስት ናቸው። እያለቀሰች ከሜዳ ወጣች። ከዚያ አቤቱታ ቀረበ፤ ዳኞች ቪዲዮውን አዩ፤ በዚያው አደጋ ከተጎዱ ሁለት ሌሎች ሯጮች ጋር ለፍጻሜ እንድታልፍ ተወሰነ። ፍጻሜው ላይ 15ኛ ነው የወጣችው፤ ሜዳሊያ አልነበረም። የተመለሰላት ግን ከሜዳሊያ የማያንስ ነገር ነው፤ የመሮጥ መብቷ።

በዚያው ኦሎምፒክ ነሐሴ 14 የተደረገው የወንዶች 5,000 ሜትር ፍጻሜ የፍርድን ሁለቱንም ፊት ባንድ ምሽት አሳይቷል። ሙክታር እድሪስ መስመር ጥሰሃል ተብሎ ተሰረዘ። ሁለተኛ የወጣው አሜሪካዊ ፖል ቼሊሞም ተሰረዘና ሐጎስ ገብረሕይወት ከነሐስ ወደ ብር ከፍ አለ። አሜሪካኖች ይግባኝ አሉ፤ ቼሊሞ ብሩን መልሶ አገኘ፤ ሐጎስም ወደ ነሐሱ ተመለሰ። ሙክታር ግን እንደተሰረዘ ቀረ። ያ ልጅ ምን አደረገ? በቀጣዩ ዓመት፣ ነሐሴ 6 ቀን 2009 ዓ.ም፣ ለንደን ላይ፣ በሞ ፋራህ ሀገር፣ ሞ ፋራህን ቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዶሃ ላይ ደገመው። በደንብ የተረታ ሰው ደንቡን አውቆ የመመለስ ዕድል አለው።

ደንቡን አለማወቅ ደግሞ ከማንም ዳኛ በላይ ያስቀጣል። መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም፣ በአዲሱ ዓመት ሁለተኛ ቀን፣ ደራራ ሁሪሳ የቪየና ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ተከታዩን ኬንያዊ የቀደመው በሦስት ሰከንድ ነው፤ ልክ ፓሪስ ላይ እንደታየው ሦስት ሰከንድ። ብዙም ሳይቆይ ተሰረዘ። የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ለጎዳና ሩጫ የሚፈቀደው 4 ነው። ከውድድሩ በፊት ያስመዘገበው ጫማ ደንቡን ያሟላ ነበር፤ የሮጠበት ግን ሌላ ነው። ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ አንድ ሴንቲ ሜትር ድሉን ወሰደችው።

የእግር ኳሱም ቁስል ከዚህ የተለየ አይደለም። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም ዋሊያዎቹ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፉ። ሆኖም ምንያህል ተሾመ በቢጫ ካርድ ቅጣት ያንን ጨዋታ መሰለፍ አልነበረበትም። ፊፋ ውጤቱን ሰርዞ ለቦትስዋና የ3 ለ 0 ድል ሰጠ። የዚያን ቀን ጥፋቱ የዳኛ አልነበረም። ሁለት ቢጫ ካርድ የሚቆጥር ሰው ነው የጠፋው።

እነዚህ ሁሉ ታሪኮች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ያሸነፈውም የተሸነፈውም ምን እንደተፈረደበትና በየትኛው ደንብ እንደተፈረደበት ያውቃል። ታች ሲወረድ ግን፣ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ሲደረስ፣ ይህ ነገር የለም። ጭብጦዋ የምትሄደው እዚያ ነው።

እንበል፣ ሳሪስ ውስጥ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ አለች። ከሰፈሯ ልጆች ሁሉ ትበልጣለች። 800 ሜትር ስትሮጥ ሁለተኛዋ ገና ኩርባው ላይ እያለች እሷ ጨርሳ ጉልበቷን ይዛ ትተነፍሳለች። እንዲህ ያለች ልጅ የሚገጥማት የመጀመሪያ ፈተና ሯጭ አይደለም፤ ጥርጣሬ ነው። የተሸነፈው ትምህርት ቤት መምህር «ዕድሜዋ ነው» ይላል። ሌላው «ዳኛው የእነሱ መምህር ስለሆነ ነው» ይላል። የእሷ ወገን ደግሞ በተራው፣ ዳኛው አንድ ጊዜ ባስጠነቀቃት ቁጥር «ቀንተውባት ነው» ይላል። እጅግ የበለጠ ልጅ ባለበት ሜዳ ሁሉ ይኸው ነው። የሚበልጠው ሰው በበለጠ ቁጥር የዳኛው ፉጨት ይመረመራል፤ አንዱ አዳላላት ሲል ሌላው ጨቆናት ይላል። ልጅቷ መሃል ላይ ናት።

ለዚህ አሠልጣኞች የሚሰጡት የተለመደ ምክር አለ፤ «ዳኛ እንዳያስፈልግ አድርገሽ አሸንፊ» የሚል። ምክሩ እውነት አለው። ትዕግስት መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትገባ፣ ሁለተኛዋ የደረሰችው ከስድስት ደቂቃ አራት ሰከንድ ብቻ ጎድሎ ነው። በዚያ ቀን ዳኛ ነበረ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ግን ያቺው ትዕግስት ዓመት ሳይሞላ ፓሪስ ላይ በሦስት ሰከንድ ተለየች። የዓለም ምርጥ የሆነች ሴት እንኳ ሁልጊዜ በስድስት ደቂቃ መቅደም አትችልም። ፍትሕ በሰፊው ለሚያሸንፉ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ፍትሕ አይባልም። ፍትሕ የሚያስፈልገው በክንድ ርዝመት ለሚለያዩት ነው።

እንግዲህ ለዚያች የሳሪስ ልጅ በክንድ ርዝመት የምትለይበት ቀን ይመጣል። የወረዳው ውድድር አልፎ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ደረጃ፣ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣች እኩያዋ ትገጥማታለች። መስመሩ በኖራ የተሰመረ ነው፤ ግማሹ በእግር ጠፍቷል። ኩርባው ላይ ይገፋፋሉ፤ አንዷ ትንገዳገዳለች። መጨረሻው ላይ ሁለቱም ደረታቸውን ይሰጣሉ። ዳኛው የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነው፤ በእጁ ስቶፕዋች ይዟል። «አንደኛ እሷ» ብሎ ይጠቁማል። አለቀ።

ስቶፕዋች የያዘ ሰው ምንም ያህል ቅን ቢሆን ጣቱ ከዓይኑ ይዘገያል። በአጭር ርቀት በእጅ የተያዘ ሰዓት ከኤሌክትሮኒክሱ ጋር ሲተያይ በአማካይ የ0.24 ሰከንድ ያህል ልዩነት እንዳለው ተብሎ ነው የሚሰላው። መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም ዶሃ ላይ ለሜቻ ግርማ የዓለም ሻምፒዮናን የመሰናክል ወርቅ ያጣው በ0.01 ሰከንድ ነው፤ 8 ደቂቃ ከ01.35 ለኬንያዊው ኮንሴስለስ ኪፕሩቶ፣ 8 ደቂቃ ከ01.36 ለለሜቻ። ዓይን ያልለየውን ካሜራ ለየው። ሳሪስ ላይ ካሜራ የለም። የሚለየው የመምህሩ ዓይን ነው፤ መምህሩ ደግሞ ከሁለቱ ትምህርት ቤቶች በአንዱ የሚያስተምር ሊሆን ይችላል።

«የልጆች ሩጫ ነው፤ ምን አካበደው?» የሚል አይጠፋም። የሚያካብደው ይህ ነው። ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ ከተማ አቀፍ ውድድር የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው። የክለብ መልማይ የሚያየው እዚያ የደረሱትን ነው። ለአንዲት የሳሪስ ልጅ በክለብ መያዝ ማለት ደመወዝ ማለት ነው፤ ለእናቷ የቤት ኪራይ፣ ለታናናሾቿ ደብተር። በክንድ ርዝመት ተበልጣ ከሆነ ትቀበለው። ተበልጣ ሳይሆን ተገፍታ ከሆነ ግን፣ የእቴነሽን ጫማ ያየ ዓይን እሷንም ሊያያት ይገባል። ሪዮ ላይ አቤት የሚባልበት ቦታ ነበረ። ሳሪስ ላይ አቤት የሚባለው ለማን ነው?

ባዶ ቦታ ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቀርም። አቤት የሚባልበት ጠረጴዛ በሌለበት፣ አቤቱታው በጩኸትና በድንጋይ ይገለጻል። ወላጅ ሜዳ ገብቶ ዳኛ ያንቃል። ተማሪ ከተማሪ ይጣላል። በቀጣዩ ሳምንት ጥሩ ዳኛ የነበረው መምህር «እኔን ተውኝ» ብሎ ይቀራል፤ ከእሱ ያነሰው ይተካል። ልጅቷም ጫማዋን አንጠልጥላ ቤቷ ትገባና ሁለተኛ አትወጣም። ሁለቱም የተበደሉት ባንድ ምክንያት ነው።

መፍትሔው የፓሪስን ካሜራ ሳሪስ ላይ መትከል አይደለም። የፓሪስን ሥርዓት ማምጣት ነው፤ ሥርዓቱ ደግሞ ርካሽ ነው።

አንደኛ፣ ደንቡ ከውድድሩ በፊት በአማርኛና ልጆቹ በሚገባቸው ቋንቋ በአንድ ገጽ ተጽፎ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። መግፋት ምንድን ነው፣ መስመር መጣስ ምንድን ነው፣ የዕድሜ ማረጋገጫው ምንድን ነው፣ መቼ ይታያል። ዕድሜ የሚመረመረው ከሩጫው በፊት እንጂ ልጅቷ ካሸነፈች በኋላ አይሁን።

ሁለተኛ፣ መጨረሻው መስመር ላይ አንድ ሰው ስልኩን በማቆሚያ ላይ አድርጎ ይቅረጽ። ዛሬ ቀስ አድርጎ የሚያሳይ ስልክ በየኪሱ አለ። ኩርባው ላይም አንድ።

ሦስተኛ፣ ከተወዳዳሪዎቹ ትምህርት ቤቶች ውጭ የሆኑ ሦስት ሰዎች ይሰየሙ። ውጤት ከተነገረ በኋላ 30 ደቂቃ ይሰጥ። አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን፤ አምስት መስመርም ብትሆን።

አራተኛ፣ ውሳኔው በጽሑፍ ይሰጥ፤ ምክንያቱም አብሮ ይጻፍ። «ቪዲዮው ታይቷል፤ መገፋፋቱ ከሁለቱም ወገን ስለሆነ ውጤቱ ጸንቷል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ተሸናፊዋን ከአንድ ዓመት ቂም ታድናታለች።

ተቃውሞ አለ፤ ችላ የሚባልም አይደለም። «ለሁሉ ነገር ይግባኝ ከተፈቀደ ውድድሩ መቼ ያልቃል? ዳኛስ እንዴት ይከበራል?» የሚል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የዓለም አትሌቲክስም ጠይቆታል። የ30 ደቂቃው ገደብና 100 ዶላሩ የመጡት ለዚህ ነው፤ ዝም ብሎ የሚከስ እንዳይበዛ። ትምህርት ቤት ላይ ገንዘብ ማስያዝ አይገባም፤ ግን አንድ ትምህርት ቤት በአንድ የውድድር ቀን ሁለት አቤቱታ ብቻ ይፈቀድለት ቢባል ያንኑ ሥራ ይሠራል። የዳኛ ክብር ደግሞ በዝምታ አይጠበቅም። ይህች ሀገር ሊዲያ ታፈሰን ለሁለት የሴቶች ዓለም ዋንጫዎች፣ ባምላክ ተሰማን ለሩሲያው ዓለም ዋንጫ የዳኞች ዝርዝር ያበቃች ናት። ውሳኔያቸው በዓለም ፊት እየተመረመረ የዳኙ ሰዎች ናቸው። መመርመር ክብራቸውን አልቀነሰም። በቪዲዮ ታይቶ የጸና ውሳኔ ዳኛውን ከማንም በላይ ያስከብረዋል፤ ወላጅም ሜዳ ገብቶ ለማነቅ ምክንያት ያጣል።

ጥንት በዚህ ሀገር ሁለት የተጣሉ ሰዎች መንገድ ላይ ያገኙትን ጨዋ ሰው አቁመው «ዳኘን» ይሉት ነበር። «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ባለበት ይቆም ነበር። ሕጉ ራቅ ያለ ከተማ፣ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ብቻ ያለ ነገር አልነበረም፤ ጠብ ባለበት ሁሉ አብሮ ነበረ። አቧራማ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የሚጠየቀው ከዚህ አይበልጥም።

ትዕግስትስ? እሷ የሆነውን ይዛ ወደ መንገዱ ተመለሰች። ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም ለንደን ላይ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ፣ ሴቶች ብቻቸውን በሮጡበት ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ይዛ አሸነፈች። ሲፋን ሦስተኛ ነበረች። መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም ደግሞ በቶኪዮው የዓለም ሻምፒዮና ከኬንያዊቷ ፔሬስ ጄፕቺርቺር ጋር እስከ ስታዲየም ተያይዛ በሁለት ሰከንድ ተቀደመች። ሁለት ሰከንድ፤ ከፓሪስም ያነሰ። በዚያ ቀን ዳኛ የከሰሰ አልነበረም። ፔሬስ በጠራ መንገድ ቀደመቻት፤ ትዕግስትም ብሯን ይዛ ወጣች።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ስለ ፓሪሷ በቅሎ ሀገር ሙሉ ተከራክሯል፤ ጠበቃም፣ ቪዲዮም፣ ይግባኝም ነበራት። ሳሪስ ሜዳ ላይ ያለችው ልጅ ጭብጦ ግን ጠያቂ የላትም። በሚቀጥለው የትምህርት ቤቶች ውድድር አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበርና አንድ ስልክ ቢቀርብላት፣ ብትሸነፍም እንደ ትዕግስት ትመለሳለች።